የጆሮ ዕቁብ

«ማን ሞቶ ነው?» አለች እትዬ ሶልያና፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ደርሳ ትንፋሿ እንኳ ሳይመለስ።

ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በቀኝ እጇ አፉ በጨርቅ የታሰረ ባልዲ ይዛለች፤ ባልዲው ውስጥ ከጠዋት ጀምራ የቀቀለችው የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ አለ። ጋሽ ናሆም በሁለት እጁ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ አያት።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ።»

«እንዴት ማንም አልሞተም? ያፌት ልኮብኛል እኮ። ‹እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ናሆም ቤት፣ ለሄራን ነው፣ ማንም እንዳይቀር› ይላል። እኔ ተዝካሯን ልታወጣ መስሎኝ…»

«ዕቁብ ነው። ዕጣው ለሷ ሆነ።»

እትዬ ሶልያና ባልዲውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ሄራን የናሆም ሚስት ነበረች፤ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። «ዕቁቡ ለሞተ ሰውም መውጣት ጀመረ?»

«ጆሮ ነው እኮ እትዬ፣ ብር አይደለም።»

«ጆሮ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ አባል አይደለሁም እንዴ? ይሄን ንፍሮስ ምን ላድርገው?»

«ማድቤት አስቀምጪው።»

«ለዕቁብ ንፍሮ ይዞ የሄደ ሰው በዚህ ብሎክ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ» አለችና ባልዲዋን እያስቀደመች ገባች። ነጠላዋን ግን አላስተካከለችም። አምስት ፎቅ ለብሳው ወጥታለች፤ አሁን ማስተካከሉ ድካም ነው።

ጋሽ ናሆም ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚህ ሸኖ፣ ብሎክ አሥራ አራት ላይ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙዚቃ ሠርቶ እየሸጠ ኖሯል። አሳታሚ የለው፣ አሠሪ የለው፤ ራሱ ይገጥማል፣ ራሱ ይጫወታል፣ ራሱ ያስተዋውቃል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣና ጢሙን ይላጫል። ከላይ ኮትና ክራባት፣ ከታች የመኝታ ሱሪውን እንዳደረገ መስኮቱ ፊት ይቀመጥና የአዲሱን ዘፈኑን የመጀመሪያ ሰባት ሰከንድ ይዘፍናል። ስምንተኛው ላይ ያቆማል። ከዚያ በላይ ሰሚዎች አይጠብቁም።

ሰሚ የሚሉት መሣሪያ የሌለበት ቤት የለም። ሰሚው ቀኑን ሙሉ ለባለቤቶቹ ሙዚቃ ሲሰማላቸው ይውልና ራት ላይ «ዛሬ ሦስት ደህና ዘፈን ሰማሁላችሁ» ይላቸዋል። እነሱም «ጎሽ» ብለው ይበላሉ። እንግዲህ ዘፈን ሻጭ የሚለማመጠው ሰውን ሳይሆን ሰሚውን ነው። ጋሽ ናሆም በዚህ የተካነ ነበር። «የሐዋሳዎቹ እንደምን አደራችሁ? የደብረ ማርቆሶቹስ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላቸዋል። ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ይላቸዋል። በጾም ወቅት ጭፈራ አይልክባቸውም፣ ቅር ይላቸዋል። ሄራን አልጋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማና «አንተ ናሆም፣ ፍሪጁ ኩርፊያ ላይ ነው፤ እሱንም ሰላም በለው እንጂ» ትለው ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ ቤተሰብ የሠርግ ዘፈኑን ገዝቶታል። ሙሽሮቹ አልሰሙትም። የሙሽራው ሰሚ ለሙሽሪት ሰሚ አሰማውና ሁለቱም ወደዱት፤ ሠርጉም በሰላም ተፈጸመ።

በሰሚ ብቻ ግን አይኖርም። ዘፈን ሁሉ የሚሸጥበት መደብር ደንብ አለው፤ አንድን ዘፈን በዓመት ውስጥ አርባ ሰው፣ የእውነት ሰው፣ ከጆሮው ጀርባ የመስሚያ አዝራር ለጥፎ እስከ መጨረሻው ካልሰማው ዘፈኑ ይወርዳል። የወረደ ዘፈን ደግሞ የትም የለም። ድምፅን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የቀረው ጋሽ ናሆም ወጣት ሳለ ነው፤ መደብሩ ውስጥ ያለውን ድምፅም የትኛውም መሣሪያ አልቀዳም ይላል። ለአንድ ሰው በሳምንት የሚቆጠርለት አንድ ዘፈን ብቻ ነው። የዘፋኙ ጆሮ፣ የቤተሰቡም ጆሮ ከቁጥር አይገባም። ሁሉም ሰው ዘፋኝ በሆነበት አገር አርባ ጆሮ ከየት ይመጣል?

ብሎክ አሥራ አራት መልሱን ከዕቁብ አገኘው። አባላቱ አርባ አንድ ናቸው። እሑድ እሑድ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው የዚያን ሳምንት አርባ ጆሮ ይወስዳል። ዳኛው ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጋሽ ያፌት ነው። ጸሐፊዋ ሄራን ነበረች። ዘጠኝ ዓመት መዝገቡን ይዛ፣ ዕጣዋ በወጣ ቁጥር «ለጨነቀው ስጡልኝ» እያለች አሳልፋለች። ምን ትሸጥበታለች? እሷ ዘፈን የሠራችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ለጨዋታ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንደያዘች ከታች ጀምራ በየፎቁ የጎረቤቶቿን ነገር እየገጠመች፣ እየዘፈነች ወጣች፤ ወጥታ ስትጨርስ ዘፈኑም አለቀ። «ደረጃው» አለችው። በሁለት ወሩ ሞተች።

ዘፈኑ እንደ ተቀዳ መደብሩ ማኅደር ውስጥ ነበር፤ ጋሽ ናሆም በሞተች በአራተኛው ወር ለሽያጭ አወጣው። መደብሩም ወዲያው መከረው። «የዘፋኟን የመጨረሻ ቀኖች ምስል ቢያክሉበት ሽያጩ በአራት እጥፍ ያድጋል።» ጋሽ ናሆም መስኮቱን ዘጋ። በዚያ ዓመት የራሱን ሠላሳ ሁለት ዘፈን አስተዋውቋል፤ የሷን ሰባት ሰከንድ ቆርጦ ለአንድ ሰሚ እንኳ አልላከም። የቱ ጋ ይቁረጠው? ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ዓመቱ አለቀ። እስከ መጨረሻው የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጅማ ያለችው የልጅነት ጓደኛዋ፣ ሆስፒታል ያስታመመቻት ነርስና አሶሳ የሚኖር አንድ የማይታወቅ ሰው። ስለ አሶሳው ሰው ጋሽ ናሆም ብዙ ጊዜ ያስባል። ምን እየሠራ ይሆን የሰማው?

ባለፈው እሑድ ዕጣው ለወርቅያንጥፉ ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያለች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ስሟም እንደ እኩዮቿ ስም የዘመኑ ነው፤ ናሆምና ሶልያና የሚባል ስም ዛሬ ጥርሱ የረገፈ ሰው ላይ ነው የቀረው። ጋሽ ናሆም ወርዶ በሯን አንኳኳ።

«ወርቅዬ፣ ዕጣሽን ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

«ለየትኛው ዘፈንህ ነው ጋሼ?»

«የኔ አይደለም።»

ወርቅያንጥፉ መሬት መሬት አየች። «ውሰደው። የኔ የሚወርደው መስከረም ላይ ነው፣ እስከዚያ አያጣኝም» አለች። ይህ የሆነው በነሐሴ አጋማሽ ነው።

በሳምንቱ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሰዉ መጣ። ዝናብ ነበር፣ ደረጃውም ጣሪያ የለውም፤ አርባ ጃንጥላ በረንዳው ላይ ተዘረጋ። ወንበር አልበቃ ብሎ አልጋው ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፍሪጁ ጥግ ተቀመጡ። የዕቁቡ ልማድ እንዲህ አልነበረም። ሰው ሁሉ በየቤቱ፣ ዕቃ እያጠበ፣ ካልሲ እየሰፋ፣ በተመቸው ሰዓት አዝራሩን ለጥፎ ይሰማና ይገላገላል። አንድ ላይ ካልሆነ ያለው ጋሽ ያፌት ነው።

«ጋሽ ያፌት፣ እንደ ወትሮው በየቤታችን ብንሰማ አይሻልም?» አለች ወርቅያንጥፉ፣ ቀስ ብላ።

«ለሄራን? ዘጠኝ ዓመት መዝገብ የያዘችልንን ሰው ዕቃ እያጠብኩ ልስማት? አንቺ ልጅ፣ ነውር የሚባል ነገርም አለ።»

«እኔ የፈራሁት መደብሩ እንዳይ…»

«መደብሩ ጆሮ አለ፣ ጆሮ እንሰጠዋለን። ከጎን ማን እንደተቀመጠ ምን አገባው?»

ሌሎቹም ያፌትን ደገፉ። እንኳን ለሄራን፣ ለማያውቁት ሰው እንኳ ለየብቻ መቀመጥ ደስ አይልም። አዝራሮቹ ተለጠፉ። ጋሽ ናሆም፣ ጆሮው የማይቆጠረው፣ በሩ አጠገብ ቆመ።

መጀመሪያ የእግር ኮቴ ተሰማ። ከዚያ የዘንቢል ሲጥሲጥታ። ከዚያ እሷ።

*አንደኛ ፎቅ ሽንኩርት፣ የእነ ማርኮን ቤት፣*
*አልቅሼ አለፍኩት፣ ሰው ሳይሞትበት።*

ማርኮን እጁን አሸተተ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እግሩ ቀጠለ።

*ሁለተኛው ፎቅ፣ የያፌት ጫማ፣*
*እሱ ቤት ተኝቶ፣ ሽታው ከተማ።*

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ያፌት እግር ዞረ። ጋሽ ያፌት እግሩን ከወንበሩ ሥር ደበቀ።

*ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ያቺ ልጅ ታዜማለች፣*
*ጀምራ ጀምራ፣ መቼ ትጨርሳለች።*

ወርቅያንጥፉ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያኔ ሰባት ሰከንዷን በቀን መቶ ጊዜ ትለማመድ ነበር፤ ሄራን ማለፏን አላወቀችም።

*አራተኛው ፎቅ፣ ሶልያና አለች፣*
*ግቢ ግቢ ትላለች፣ ወሬ ጥዳለች።*

«ዋሾ!» አለች እትዬ ሶልያና፣ እየሳቀች። ሳቋን ግን አቋረጠች፤ የሚመጣው አምስተኛው ነውና። ኮቴው ቀርፈፍ አለ። አንድ። ሁለት።

*አምስተኛው ፎቅ…*

ከዚያ ምንም የለም። አራት ሰከንድ፣ ትንፋሽ ብቻ። የሚያፏጭ፣ የሚፈልግና የማያገኝ ትንፋሽ። በዚያ ሰሞን ደረጃው ላይ አብረዋት ሲሥቁ የነበሩት አርባ ሰዎች አሁን ያ ትንፋሽ የገደላት በሽታ እንደነበር ያውቃሉ፤ ያኔ ማንም አላወቀም። እትዬ ሶልያና ከወንበሯ ተነሥታ «ወየው ልጄን!» አለች። እሷ ስትነሣ ሁሉም ተነሣ፤ ሐዘንተኛ ሲነሣ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው እዚህ አገር የለም። ነጠላ አፍ ላይ ገባ። ጋሽ ያፌት ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳርፎ አለቀሰ። በልቅሶው መሐል ዘፈኑ ቀጠለ፣

*…ክፈትልኝ በሩን፣*
*ላንተ ብዬ እኮ ነው፣ የወጣሁት ሁሉን።*

አዝራሩን የነቀለ ሰው አልነበረም። አርባውም እስከ መጨረሻው ሰሙ። መደብሩ ከተከፈተ ወዲህ እንዲህ የተሰማ ዘፈን መኖሩን እንጃ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ አፍንጫ ተጠርጎ ወንበር እየተስተካከለ ሳለ፣ የመደብሩ ድምፅ ከግድግዳው መጣ። ትሑት ድምፅ ነው፤ ማንንም አያመናጭቅም።

«የተከበሩ ባለዘፈን፣ አርባ ጆሮ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። አርባዎቹ በአንድ ሰከንድ ስቀዋል፣ በአንድ ሰከንድ ተነሥተዋል፣ በአንድ ሰከንድ አልቅሰዋል። ሰዎች ለየብቻ ሲሰሙ እንዲህ አይሆኑም። ስለዚህ የአንድ ሰው ጆሮ በአርባ ስም እንደቀረበ ወስደናል። አንድ ጆሮ ተመዝግቧል። ጠቅላላ፣ አራት።»

«አንድ ሰው?» አለ ጋሽ ያፌት። «እኔና ሶልያና አንድ ሰው?»

«ከነጫማው!» አለች እትዬ ሶልያና። ማንም አልሳቀም።

«ቅሬታ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ይታያል» አለ ድምፁ። «ዘፈኑ የሚወርደው ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኖ ነበር። ወርቅያንጥፉ ጃንጥላ ሳትይዝ ወደ ብሎክ አሥራ አምስት ሮጠች። የብሎክ አሥራ አምስት ዕቁብ ግን ቅዳሜ ነው፤ ጆሮ የቀረው ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ አዝራራቸውን አወጡላት፤ ባትሪው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ውኃ እየተንጠባጠበች ተመለሰች። ጋሽ ያፌት በዚህ ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እኔ ነኝ» ይል ነበር ለሚያልፈው ሁሉ። «አንድ ላይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ድምፁ ተመለሰ።

«የተከበሩ ባለዘፈን፣ አንድ አማራጭ አለ። ዘፈንዎ መጨረሻው አካባቢ የአራት ሰከንድ ጉድለት አለበት። ጉድለቱን በዘፋኟ በራሷ ድምፅ እንድንሞላው ቢፈቅዱ፣ ዘፈኑ እንደ አዲስ ተመዝግቦ ሌላ አንድ ዓመት ያገኛል። ይሞላ?»

ሰው ሁሉ ጋሽ ናሆምን አየ።

«ይሞላ በል ጋሼ» አለች ወርቅያንጥፉ። ከፀጉሯ ውኃ ይወርዳል። «አራቱ ፎቅ እኮ እንዳለ ይቀራል። ድምፅዋ ይቀራል። አራት ሰከንድ ነው።»

«እውነቷን ነው» አለ ማርኮን። «አራት ሰከንድ ምን ትሠራልሃለች?»

ጋሽ ናሆም በሩን ያይ ነበር። እጀታው የድሮ ነው፣ ቀለሙ ተልጧል።

«ያን ቀን ከዚህ በር ጀርባ ነበርኩ» አለ። «እየቀዳች መሆኗን አውቄያለሁ። ኮቴዋ ሲቆም ሰማሁ። ትንፋሿንም ሰማሁ። እጀታውን ይዤዋለሁ፤ እንዲህ። ከከፈትኩ ዘፈኑ ይበላሻል ብዬ… ትጨርስ ብዬ ጠበቅኩ።»

እጁን ከእጀታው አነሣ።

«በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ‹ጥሩ ሆነ?› አለችኝ። ጥሩ ሆነ አልኳት።»

«ይሞላ?» አለ ድምፁ።

«እሱ ከተሞላ እኮ» አለ ጋሽ ናሆም፣ ለድምፁ ሳይሆን ለወርቅያንጥፉ፣ «እንደ ደረሰች የከፈትኩላት ይመስላል።»

ወርቅያንጥፉ እርጥብ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

«አይሞላ» አለ ጋሽ ናሆም፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

«ውሳኔዎን እናከብራለን።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው አሳለፉት። አንዳንዱ ዘፈኑን እንደገና እንክፈተው ቢል ጋሽ ናሆም አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምንም ነገር አልጮኸም፣ ምንም አልጠፋም፣ ምንም አልበራም። ግድግዳው ላይ ባለው የዘፈኖቹ ዝርዝር ውስጥ ሠላሳ ሦስት የነበረው ሠላሳ ሁለት ሆነ፤ ከላይና ከታች ያሉት ስሞች ተጠጋግተው ክፍተቱን ዘጉት።

ማርኮን ለሙከራ ያህል የራሱን ፎቅ አንጎራጎረ፤ ልክ ነበር። ጋሽ ያፌትም የራሱን አለ፤ ድምፁ ባያምርም ቃሉ አልጎደለም። እትዬ ሶልያና ግን «ግቢ» ሁለት ጊዜ ነው ሦስት ጊዜ የተባለው በሚለው ላይ ከማርኮን ጋር ተከራከረች፤ ክርክሩ ሲጠና ሁለቱም እርግጠኛ አለመሆናቸው ታወቃቸውና ተዉት። ሦስተኛውን ወርቅያንጥፉ ታውቀዋለች፤ አላለችውም። አምስተኛውን ማንም አልሞከረም።

ጋሽ ያፌት መዝገቡን አወጣ። «ሄራን» ከሚለው ስም ፊት ለፊት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ባዶ በቆየው ቦታ ላይ፣ «ደርሷታል» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን ከደነው።

ጋሽ ናሆም ማድቤት ገባ። የንፍሮውን ባልዲ ጨርቅ ፈታ፤ ቀዝቅዟል። ሳህን ለአርባ ሰው ስለሌለው ባልዲውን እንዳለ ይዞ ወጥቶ ከበሩ ጀምሮ አዞረው። ሰዉ እያፈሰ በመዳፉ ያዘ። የሚታኘክ ነገር ድምፅ ብቻ ይሰማ ጀመር።

እትዬ ሶልያና ዘንድ ሲደርስ ባልዲው ተጋምሷል። ጎንበስ ብሎ ያዘላት። እሷም አንድ እፍኝ ዘግና፣ አንዷን ሽምብራ አፏ ከተተችና ቀና ብላ አየችው።

«ማንም አልሞተም ብለኸኝ አልነበር?» አለችው።